ወደ ሞላሌ ሳትነሣ ጎንበስ በል

አንባቢ ሆይ፤ መንዝ ሄደህ ታውቃለህን? ካልሄድህም አንድ ቀን መሄድህ አይቀርም። ተማሪ ብትሆን ትምህርትህን ስትጨርስ በመምህርነት ትመደብ ይሆናል። የመንግሥት ሠራተኛም ብትሆን አለቃህ አንድ ማለዳ ጠርቶ «ይህን ዕቃ ወስደህ አስረክበህ ና» ሊልህ ይችላል። እኔን ወደ ሞላሌ የወሰደኝ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ነበር። ዘመኑ የ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ እኔም ሥራ ከጀመርሁ ዓመት ያልሞላኝ፣ በአዲሱ ማኅተሜና በፊርማዬ የምኮራ ወጣት የንብረት ሠራተኛ ነበርሁ።

ስለ ሞላሌ ሳጫውትህ ስለ አንድ ብረት ጭምር መናገሬን አትጥላብኝ። ያ ብረት ባሌስትራ ይባላል። ከመኪና ሥር ተደብቆ በጭቃ ተለውሶ የሚኖር በመሆኑ ብዙ ሰው አያየውም። እኔም አላየሁትም ነበር፤ ያሳየችኝ ሞላሌ ናት።

በመጀመሪያ መንገዱን ልንገርህ። ከአዲስ አበባ ተነሥተህ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዝ በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የቆረቈሯትን ደብረ ብርሃንን ታገኛለህ። ከዚያ ብርዱ እየበረታ፣ የገብሱ ማሳ እየሰፋ ሄዶ ታርማ በር ትደርሳለህ። ይህ ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። በወረራው ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ኢጣሊያኖች ተራራውን ፈልፍለው ዋሻ የሠሩበትም እዚሁ ነው። ዋናው የደሴ መንገድ በዋሻው አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ፣ የመንዝ መንገደኛ ግን ወደ ግራ ይታጠፋል። ሞላሌ የማማ ምድር ከተማ ናት፤ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር የጥንቱ መንዝ ሌሎቹ ክፍሎች ናቸው።

ከመታጠፊያው በኋላ የምታየውን አገር በቃል መግለጽ ያስቸግራል። በአንድ በኩል እንደ ገበታ የተዘረጋ ሜዳ፣ የድንጋይ ካብ ቤት፣ ጥቁር በርኖስ የለበሰ እረኛና በግ ታያለህ። ጥቂት ፈቀቅ ብለህ ስትመለከት ደግሞ ሜዳው በድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል፤ ከሥርህ ጭልፊት ሲያንዣብብ ጀርባውን ታያለህ። ጉም የመጣ እንደ ሆነ ሜዳውንም ገደሉንም አንድ ያደርጋቸዋል። በዚያ ዘመን መንገዱ ጠጠር ነበረ፤ ጠጠሩም በክረምቱ ጎርፍ ታጥቦ የድንጋዩ ጥርስ ወጥቶ ነበር።

የተጓዝነው በአንዲት ፒክአፕ ነበር። ከኋላዋ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ተቀጥሎ፣ በላዩ የተማሪ ወንበሮችና በካርቶን የታሸጉ መጻሕፍት ተጭነውበታል። ሹፌራችን ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ እኔ ወደ ሻይ ቤት ስገባ እሳቸው ጋቢያቸውን አውልቀው አጥፈው አስቀመጡና ከተሳቢው ሥር ገቡ። ሻዬን ጠጥቼ ስመለስ ገና እንደ ተንጋለሉ ናቸው።

«ልጄ፤ የግራው ባሌስትራ ሁለተኛው ቅጠል ተሰንጥቋል። እዚሁ አድረን ጠዋት እናሠራው» አሉኝ።

«ጋሼ፤ እኔ እኮ ነገ በጠዋት ማስረከብ አለብኝ። የቀሩት ቅጠሎች ይዘውት የለም እንዴ?»

«ይዘውታል። ግን የእሱንም ሸክም ጨምረው ነው የያዙት።»

ይህ አነጋገር ምን ያህል ጥልቅ እንደ ሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። የዕቃው ፊርማ የእኔ ስለ ነበረ ትእዛዙም የእኔ ሆነ፤ «እንሂድ» አልሁ። ሽማግሌው አቧራቸውን አራግፈው፣ አንድም ቃል ሳይጨምሩ መሪ ጨበጡ።

አንባቢ ሆይ፤ ወደ ገደሉ ከመድረሳችን በፊት ባሌስትራ ምን እንደ ሆነ ልግለጽልህ፤ ያለዚያ ጥፋቴ ምን ያህል እንደ ሆነ አትረዳውም። ስሙን የተውልን ኢጣሊያኖች ናቸው። በቋንቋቸው ቃሉ ፍላጻ የሚያስፈነጥር የጦር መሣሪያንም ይጠራል፤ ቅርጹ የደጋን ነውና። ጥጥ የሚነደፍበትን ደጋን አስብ፤ ስትለጥጠው ይታዘዝልሃል፣ ስትለቀው ወደ ቦታው ይመለሳል። ባሌስትራም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ብዙ የብረት ደጋኖች ተደራርበው አንድ ላይ መታሰራቸው ነው። ከሁሉ የሚረዝመው ቅጠል ጫፍና ጫፉ ተጠቅልሎ እንደ ቀለበት ይሆናል። በቀለበቶቹ ውስጥ ቦኮላ ይገባና በብረት ዘንግ ከሻንሲው ጋር ይያያዛል። የቀሩት ቅጠሎች ከሥሩ እያጠሩ ይሄዳሉ። ጎማ ድንጋይ ሲመታ ደጋኖቹ ይለጠጣሉ፣ እርስ በርስም ይፋተጋሉ፤ ምቱም ኀይሉን እዚያው ይጨርስና ወደ ዕቃውና ወደ ሰው ሳይደርስ ይቀራል።

አንድ ነገር ልብ በል። ደጋን ሲለጠጥ ርዝመቱ ይጨምራል። ስለዚህ የባሌስትራው አንዱ ጫፍ ጸንቶ ሲያዝ፣ ሁለተኛው ጫፍ ወዲያና ወዲህ በሚወዛወዝ ማያያዣ ይንጠለጠላል። መካከሉ ላይ ደግሞ ቅጠሎቹን ሁሉ በስቶ የሚያልፍ አንድ የመሀል ቡሎን አለ። ከእሱ ግራና ቀኝ እንደ ፈረስ ጭን ጎበጥ ያሉ አቃፊ ቡሎኖች ባሌስትራውን ጎማዎቹን ከተሸከመው አክስል ጋር አጥብቀው ያስራሉ። እንግዲህ ባሌስትራ ሸክም ብቻ አይሸከምም፤ አክስሉንም ከቦታው እንዳይወጣ ይዞ የሚያቆመው እሱ ነው።

ይህ ብልሃት አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኦባዲያ ኤሊየት የተባለ የለንደን ሠረገላ ሠሪ ሠረገላን በተደራራቢ የብረት ደጋን ላይ አንጠልጥሎ መንገደኛውን ከመንገጫገጭ አሳርፎታል። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ድረስ ያመጣት ሲድሌ የተባለች አውቶሞቢልም የመጣችው በደጋን ብረት ላይ ነው። አባቶቻችን «ኤንትሬ» ይሏት የነበረችው ፊያትም ተሳቢዋን እየጎተተች የአሰብን መንገድ የተመላለሰችው በዚሁ ብረት ነበር።

አሁን ወደ ጉዟችን ልመለስ። ከታርማ በር ታጥፈን ጥቂት እንደ ሄድን ጉም ወረደ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ «እንደርሳለን» እላለሁ፤ ሽማግሌው ዝም። ከአንድ ጎርበጥባጣ ቦታ ስንወጣ ከኋላ እንደ ጠመንጃ የጮኸ ድምፅ ሰማሁ። የተሰነጠቀው ቅጠል ፈጽሞ ተሰብሮ ኖሮ፣ ሸክሙ ሁሉ በረጅሙ ቅጠል ላይ ወድቆ እሱም በመሀል ቡሎኑ ቀዳዳ ላይ ለሁለት ተቆረጠ። የሚይዘው ያጣው አክስል በግራ በኩል ወደ ኋላ ሸሸ፤ ጎማው ከተሳቢው ገላ ጋር ተፋትጎ ፈነዳ፤ ተሳቢው እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ መኪናችንን ወደ ገደሉ ይጎትታት ጀመር። ሽማግሌው ፍሬኑን በኀይል አልረገጡም፤ ቀስ፣ ቀስ እያሉ አቆሙ። ወርደን ስናይ ከተሳቢው የግራ ጎማ እስከ ገደሉ አፋፍ ያለው ርቀት ከእኔ ቁመት ያነሰ ነበር። ከካርቶኖቹ ሦስቱ ተቀደው መጻሕፍቱ ጭቃ ላይ ተበትነዋል።

ሽማግሌው ሊቆጡኝ ይችሉ ነበር፤ አልተቆጡም። «ልጄ፤ መጻሕፍቱን ልቀም» ብቻ አሉኝ። ከስድብ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

የመንዝን ሰው ያወቅሁት በዚያች ሌሊት ነው። ድምፁን የሰሙ ገበሬዎች ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብቅ አሉና «አይዞአችሁ» እያሉ መጡ። ወንበሮቹን እያወረዱ በሸክም ወደ ቅርቡ ቤት አገቡልን፤ ተሳቢውን በጓሳ ሣር ገመድ ከድንጋይ ጋር አስረው ከአፋፉ አዳኑት። ሌሊቱን በኩበት እሳት ዳር፣ ከበግ ጠጕር የተሠራ ባና ደርበውልን አደርን። የመንዝ ባና እንዴት እንደሚሞቅ ልነግርህ አልችልም፤ በብርድ ያደረ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። በማግሥቱ በሸሸው አክስልና በሻንሲው መካከል የባሕር ዛፍ ግንድ አስገብተን በገመድ ጠፈርነውና፣ ባዶውን ተሳቢ ከሰው እርምጃ በማይፈጥን አካሄድ ሞላሌ አደረስነው። ዕቃው ከኋላ በአህያ ተከተለን።

ሽማግሌው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄደው ሌላ ባሌስትራ እስኪያመጡ ድረስ አራት ቀን ሞላሌ ተቀመጥሁ። እኔ ግን ነገሩን ለማፋጠን ስለ ፈለግሁ የተሰበረውን ቅጠል በትከሻዬ ተሸክሜ ከከተማው ዳር ወደሚኖሩ ቀጥቃጭ ሄድሁ። ያሳደሩኝ ወይዘሮ ስወጣ ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፤ ከዚያ ሰው ቤት እህል እንዳትቀምስ፤ ዓይኑ አይበጅም» አሉኝ። እኚሁ ደግ ሴት የራሳቸውን መኝታ ለእኔ ለቀው መሬት ላይ ያደሩ ናቸው። ደግነትና ክፉ ልማድ በአንድ ቤት ሊኖሩ እንደሚችሉ በዚያ ተማርሁ።

ቀጥቃጩ ወናፋቸውን ትተው ብረቱን ተቀበሉኝ፤ ስብራቱን ወደ ብርሃን አዙረው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በጥፍራቸው እየጠቆሙ «እየው፤ ይኼ ጥቁሩ የቆየ ስንጥቅ ነው። ይኼ የሚያበራው ደግሞ ትናንት የተሰበረው ነው። ብረቱ ቀድሞ ነግሯችሁ ነበር» አሉኝ።

«አባባ፤ አጋጥመው ይቀጥሉልኝ» አልኋቸው።

«መቀጠሉንስ እቀጥለዋለሁ። ግን ይህን በእሳት ከነካሁት ማረሻ ይሆናል እንጂ ባሌስትራ አይሆንም። አንተንም በመጀመሪያው ጉድጓድ ይገድልሃል።»

አንባቢ ሆይ፤ እኚህ ሰው የፊደል ትምህርት አልነበራቸውም፤ የተናገሩት ግን የብረት ሊቃውንት የሚያስተምሩትን ነው። የባሌስትራ ብረት ከመቶ ከግማሽ እጅ በጥቂት የሚበልጥ ካርቦን ያለበት ብረት ነው። በፋብሪካ ውስጥ እስኪቀላ ግሎ በዘይት ይነከራል፤ እንዲህ የጠነከረው ብረት እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሚሆን እንደገና ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንዲሞቅ ይደረጋል። ያን ጊዜ ጥንካሬና ታዛዥነት በአንድ ላይ ይገኙበታል። የበያጅ እሳት ሲያርፍበት ይህ ሁሉ ልክ ይፈርሳል፤ ከብየዳው አጠገብ አንዱ ቦታ ተሰባሪ፣ ሌላው ልፍስፍስ ይሆናል። ስለዚህ «በይጄ እሰጥሃለሁ» የሚልህን ሰው አመስግነህ እለፈው።

ቀጥቃጩ ይህን ከነገሩኝ በኋላ ከጎናቸው ካለው ሰፌድ የገብስ ቆሎ ዘግነው እጃቸውን ዘረጉ፤ ወዲያው ግን አንድ ነገር እንዳስታወሰ ሰው መለስ አደረጉት። ያ የተመለሰ እጅ ልቤን ወጋው። «ይስጡኝ እንጂ» ብዬ ተቀብዬ በላሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ በሕይወት አለሁ። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል በገባችበት በዚያው በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። መኪናው በዝቷል፤ አዋጁ ግን ከየቤቱ ምድጃ ዳር ገና አልደረሰም ነበር። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ቢላዋውን ከእጃቸው የሚገዛ ሰው ቆሏቸውን የሚፈራበት ምክንያት ምንድን ነው?

የተሰበረውን ብረት ለእሳቸው ትቼላቸው ሄድሁ። በአራተኛው ቀን ልሰናበታቸው ብሄድ ረጅሙ ቁራጭ ማረሻ፣ አጭሩ ደግሞ ማጭድ ሆኖ አገኘሁት። በቸልታዬ የተሰበረው ብረት የገብስ ማሳ ሊያርስ ነው።

ሽማግሌው ሹፌራችን ሲመለሱ አንድ ሳይሆን ሁለት ባሌስትራ ይዘው መጡ። «የተሰበረው የግራው ነው እኮ» ብላቸው፣ «አዲስና አሮጌ ጎን ለጎን አይሠሩም፤ ጭነቱ ወደ ደከመው ያጋድላል» አሉኝ። ከዚያም ከሥር ጠርተው እያንዳንዱን ነገር በእጄ አስነኩኝ። ያስተማሩኝን እነሆ ለአንተ አስተላልፋለሁ፤ መኪናው የራስህ ባይሆንም እንኳ ጭነቱና ሕይወቱ የአንተ ነውና።

አንደኛ፤ ተሳቢውን በደልዳላ መሬት አቁመህ ከኋላው ራቅ ብለህ ተመልከት። አንዱ ጎን ዝቅ ብሎ እንደ ሆነ ከአክስሉ እስከ ሻንሲው ያለውን ርቀት በገመድ ለካና ግራውን ከቀኙ አስተያየው። ልዩነት ካለ አንዱ ባሌስትራ ደክሟል ወይም ተሰብሯል።

ሁለተኛ፤ ጭቃውን ጠርገህ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ እይ። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ቀጭን የዝገት መስመር መስሎ ይታያል፤ ይልቁንም በመሀል ቡሎኑ አካባቢ። ከመደዳው ወደ ጎን የወጣ ቅጠል ካየህም የሚያስረው ነገር ላልቷል ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ የአቃፊ ቡሎኖቹን ዳዶዎች በቁልፍ ሞክር። እነሱ ከላሉ ባሌስትራው ይንቀሳቀሳል፤ የመሀል ቡሎኑ ይቆረጣል፤ ቅጠሎቹም በቀዳዳቸው ላይ ይሰበራሉ። በደንብ ካጠበቅህ በኋላ ከዳዶው እስከ ቡሎኑ በቀለም አንድ መስመር ስበህ ተው፤ በሚቀጥለው ጊዜ መስመሩ ተቆርጦ ካየኸው ዳዶው ዞሯል። አዲስ ባሌስትራ የታሰረ እንደ ሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጉዞ በኋላ እንደገና አጥብቅ፤ ብረት ከብረት ጋር እስኪስማማ ይላላልና። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ነው።

አራተኛ፤ በጫፎቹ ያሉትን ቦኮላዎችና የሚወዛወዘውን ማያያዣ በብረት ዘንግ ነቅንቅ። ከልክ በላይ የሚጫወት ከሆነ ተበልቷል። ግራሶ መሙያ ካለው፣ አሮጌው ግራሶ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ ሙላው። ቦኮላው ጎማ ከሆነ ግን ግራሶ አታስነካው፤ ያበላሸዋል።

አምስተኛ፤ ከአክስሉ ጫፍ እስከ አንድ የታወቀ የሻንሲ ነጥብ በግራም በቀኝም ለካ። እኩል ካልሆነ አክስሉ ሸሽቷል። የጎማዎቹ አበላል አንድ ዓይነት አለመሆኑም ይህንኑ ይነግርሃል።

ስድስተኛ፤ ጭነትህን አስብ። ከባዱ ከአክስሉ በጥቂት ወደ ፊት ይሁን፤ ከጠቅላላው ክብደት አንድ ዐሥረኛው ያህል በመጎተቻው ላይ ይረፍ። ከኋላ የከበደ ተሳቢ መኪናውን ያወዛውዛል። «ቅጠል ጨምረህ ብዙ ጫን» የሚልህንም አትስማ፤ ባሌስትራው ቢበረታ አክስሉ፣ ፍሬኑና ጎማው አልበረቱም።

በመጨረሻም፤ ከሥር ስትገባ ጎማዎቹን በድንጋይ አግድ፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ ነገር ሥርም ፈጽሞ አትግባ፤ ሻንሲውን በጠንካራ መደገፊያ ላይ አሳርፈው። ይህ ሁሉ ምርመራ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። እኔ ይህን ግማሽ ሰዓትና አንዲት ሌሊት ነስቼ አራት ቀን ከፈልሁ፤ ሦስት ነፍስም ከገደል አፋፍ አደረስሁ፤ ከፊት ከእኛ ጋር አንዲት መምህርት ተሳፍራ ነበርና። እሷ ያን ዕለት የታሸገ ምሳዋን ከፍላ ለሁላችን አደለች እንጂ አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣትም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ባሌስትራ የዚህ ተረት ምሳሌ ነው፤ ስስ ቅጠሎች ተባብረው ተራራ የሚያህል ጭነት ይሸከማሉ። ነገር ግን አንዱ ሲሰነጠቅ የቀሩት ዝም ብለው የእሱን ድርሻ ይጨምራሉ፤ ዝምታቸውም ሁሉ ደኅና የሆነ ያስመስላል። በመሥሪያ ቤትህም፣ በቤትህም እንዲህ የሆነ ሰው እንዳለ ጎንበስ ብለህ ተመልከት።

ወደ ሞላሌ ስትሄድ በርኖስ ወይም ወፍራም ካፖርት ያዝ። ከከተማው ዳር የወናፍ ድምፅ ከሰማህም ጎራ በል፤ ቆሎ ቢዘግኑልህ ተቀበል። መልካም መንገድ።